ሆዮ ማዓን

«ዛሬም ፆም?» ኤዶ ራሊዮ የሩዙን ትሪ ምንጣፉ መሃል አስቀምጣ ወገቧን ትይዛለች። የዩሩብ አክስት ናት፣ የአባቷ እህት። በልጇ ሠርግ ማግስት ሳይበላ የሚወጣ እንግዳ አትወድም።

«ያመለጡኝን የረመዳን ቀናት እየተካሁ ነው» ትላለች የዩሩብ እናት ሩን፣ ዓይኗን ከፍየሉ ሥጋ ላይ እያሸሸች።

«ባለፈው ሳምንትም እየተካሽ ነበር! ረመዳኑን እንዳለ በልተሽዋል ማለት ነው?»

ስምንት ሴቶች ይንከተከታሉ። አንዷ የሩንን ቀሚስ ወገቡ ላይ ይዛ ትስባለች፤ ጨርቁ ብቻውን ይመጣል። «ዳሌሽን የት ጥለሽው መጣሽ አንቺ?»

«ወንድሜ ሁለተኛ ሊያገባብሽ ነው እንዴ እንዲህ ያከሳሽ?» ትላለች ራሊዮ። «ንገሪኝ ብቻ፤ እግሩን ነው የምሰብርልሽ!»

ዩሩብ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሙዝ እየላጠች ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ሳቋ እንዳያመልጣት። እውነቱን ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እናቷ ስኳር አለባት። ከታወቀ ሦስት ወሩ ነው። ሩዝ በጭብጥ፣ ጎመን በሳህን፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ ጠዋት ጠዋት ክኒን፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ እስከ ደረቁ ወንዝ በእግር። ሩን ሁሉንም ችላዋለች። ያቃታት ለሰው መናገር ነው። በሽተኛ ከሚሏት ፆመኛ ቢሏት ትመርጣለች።

የቤቱ ዘብ ዩሩብ ናት። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፣ አፏ ግን ሃምሳ ይሞላዋል። የስኳሩን ጣሳ ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ናት። ሀርጌሳ ውስጥ ልጅ ሁሉ እናቱን ሲያቆላምጥ «ሆዮ ማዓን» ይላል፤ ጣፋጯ እናቴ ማለቱ ነው። የበሽታውም ስም ያው ማዓን ነው፣ ጣፋጭ። ዩሩብ ይህን ያስተዋለች ቀን ሳቅ ሊገድላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሩን እጇን ወደ ብስኩት በሰደደች ቁጥር ከበስተኋላ «ሆዮ ማዓን!» ትላለች፣ ድምጿን እንደ ፖሊስ አወፍራ። ሩን መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

«ለሶላት ዉዱእ ላድርግ» ብላ ሩን ትነሳለች። ወደ ጓዳ ገብታ በዚያው ትቀራለች።

ዩሩብ ሙዟን ትጨርሳለች። ሌላ ትልጣለች። እናቷ የለችም። ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ታውቃለች፤ ከሠርጉ የተረፈ ጣፋጭ ሐልዋ፣ ሄል የገባበት፣ ቅቤው ላዩ ላይ የረጋ። ብድግ ብላ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ትሄዳለች።

መጋረጃውን ስትገልጠው ሩን መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላለች። የሐልዋው ጣሳ ጭኗ ላይ ነው። በእጇ እየዛቀች ሳታኝክ ትውጣለች።

እጅ ከፍንጅ!

«ሆዮ ማዓን!» ዩሩብ ቤቱ እስኪያስተጋባ ትጮሃለች። «ያዝኩሽ! ያዝኩሽ!»

ምንጣፉ ላይ የነበረው ሁሉ ይተራመሳል። በአንድ በር ስምንት ራስ ይገባል።

«ወይ ጉዴ፣ ፆመኛዋን እዩልኝ!» ትላለች ራሊዮ። «ከትሪዬ ሸሽታ ከጣሳዬ!»

ሩን ቀና ትላለች። አፏ ሙሉ ነው። «ማዓን...» ትላለች። ትውጥና ትደግመዋለች። «ማዓን ነው፣ ራሊዮ። ማዓን...»

«እሱማ ይጣፍጣል! ፆም ሲበላበት ደግሞ ይብስበታል!»

ሳቁ ጓዳውን ይሞላዋል። ዩሩብም ለመሳቅ አፏን ከፍታለች። የምታየው ያኔ ነው። የእናቷን ግንባር ላብ አጥምቆታል። ሻሿ ከጆሮዋ በላይ ርሷል። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለበቷ ከጣሳው አፍ ጋር ጢክ ጢክ ጢክ ይላል።

የክሊኒኩ ነርስ ለሁለቱም ነው የነገረቻቸው፤ ለዩሩብማ ሁለት ጊዜ። ክኒኑን ውጣ ምግብ ከዘለለች ስኳሯ ይወርዳል። ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ስጧት፤ እንዳትዘገዩ። ዛሬ ጠዋት ክኒኑን ከውሃ ጋር ያቀበለቻት ራሷ ዩሩብ ናት። ከዚያ ወዲህ እናቷ የቀመሰችው የለም። ፆመኛ ናታ።

ስለ ሐልዋውም አልነበረም ያወራችው። ሦስት ወር ሙሉ የደበቀችውን ነው አውጥታ የተናገረችው። ሴቶቹ ግን ጣዕሙን ያደነቀች መሰላቸው።

«ኤዶ፣ እሷኮ—» ትላለች ዩሩብ።

ሩን ታያታለች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። እንዳትናገር ራሷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ትነቀንቃለች። አንዴ ተናግራዋለች፤ ሁለተኛ አይወጣትም።

«ሸይጣን ነው ያሳሳተኝ» ትላለች ለሴቶቹ፣ አፏን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ደግሞ ጥፋቱ የሐልዋሽ ነው።»

«አላህ ይማርሽ! በይ ተነሺ፤ አንዴ ከፈረሰ ከትሪው ብይ።»

ትሪው ዙሪያ ቦታ ይለቁላታል። ቀልዱ ይቀጥላል፤ ለሚመጣው ዓመት ሠርግ ሁሉ የሚበቃ ቀልድ ነው። ሩን ከሩዙ ዳር ትቆነጥራለች፣ ትሰደባለች፣ አብራ ትስቃለች። ዩሩብ አንገቷን ደፍታ የተላጠውን ሙዝ ታያለች፤ ጠቁሯል።

«ይቺ ልጅ ምላሷን ዋጠችው እንዴ?»

«ተዉልኝ፣ ሆዮ ደክሟታል» ትላለች ሩን። እናት ልጇን የምትጠራውም በዚያው በእናት ስም ነው።

በሻሿ ስር የዩሩብን እጅ ፈልጋ ትይዘዋለች። መዳፏ በሐልዋው ቅቤ እንደተጣበቀ ነው፣ ሄል ሄል ይላል። አሁን አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው የዩሩብ ነው።