ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደ ቀኝ

ጀርባዋ ላይ ያሉትን ቀስቶች ሲጫኑ የምትሄደው ትንሿ የወለል ሮቦት ከቆመችበት ንቅንቅ አልል አለች። ርዕሰ መምህሩ ሊያዩ እየመጡ ነው፤ ሮቦቷ ካልሄደች ትምህርቱ ይዘጋል፣ መምህርቷም ከሥራ ትሰናበታለች።

«የድሮውን ትእዛዝ ሳታጠፉ አትጫኑ አላልኩም? ከግድግዳ ጋር ባወራ ይሻለኝ ነበር!» ብላ አምባረቀች።

«አጥፍተናል እኮ፣ ቲቸር!» አለች አንዷ ጥርሰ ወላቃ ተማሪ፤ ቀስቶቹንም እንደገና ተጫነች፤ ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደ ቀኝ።

መምህርቷ ሦስት እርምጃ ተራመደችና ወደ ቀኝ ዞረች። ሮቦቷ እዚያው ናት።

«ሠራልን!» ብለው ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህርቷ ልትቆጣቸው ፈለገች፤ አፏ ግን አልላቀቅ አላት።

ርዕሰ መምህሩ ገቡ። «እህሳ፣ ትሄዳለች?»

«ይዩ፣ ጋሼ!» ልጅቷ የወደፊቱን ቀስት አራት ጊዜ ተጫነች።

መምህርቷ በርዕሰ መምህሩ አጠገብ አልፋ ወጣች። እጇም በሩን ከኋላዋ ዘጋው።