መጀመሪያ የት ሄዱ?

የአጥንት ሐኪሙ ወጌሻ ሲባል ደሙ ይፈላል። «ስንቱን እግር አበላሹት!» እያለ ሦስት ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ሲከራከር ኖሮ፣ በመጨረሻ ጥናት ሊሠራ መጠይቁን ይዞ ገጠር ወረደ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «አጥንትዎ ሲሰበር መጀመሪያ የት ሄዱ? ሆስፒታል ወይስ...» እዚህ ላይ ፊቱ ይኮሳተራል፤ «...ወጌሻ ቤት?»

ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ፊቱን እያየ «ሆስፒታል» አለው።

አርባኛው አያ ደምለው ነበሩ፤ ዋርካው ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ። «ወጌሻ? እኛ አገር ወጌሻ የሚባል ፍጡር የለም፣ ዶክተር! ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል?» አሉ።

ሐኪሙ በደስታ የሚሆነውን አጣ። እንዲህ ያለ ውጤት በሕልሙም አላየም። ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ መኪናው ሲጣደፍ ቦዩን ዘለለ፤ ሲያርፍ እግሩ ታጠፈና ተዘረረ። ቁርጭምጭሚቱ ዓይኑ እያየ ያብጥ ጀመር።

«ኧረ አያ ደምለውን ጥሩ!» አለ መንደሩ በአንድ አፍ።

ሽማግሌው ሳይጠሩ ደርሰዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከኪሳቸው የቅቤ ብልቃጥ አውጥተው፣ የሐኪሙን እግር ጭናቸው ላይ አጋደሙት። አሹት፣ አሹትና ድንገት ሳብ ሲያደርጉት «ቀጭ» አለ። ሐኪሙ ጮኸ፤ ከዚያ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፤ «ማንም ቢጠይቅህ፣ እንደ ሁላችን፣ ሆስፒታል ሄድኩ በል።»