መክብብና የለቅሶ ድንኳኑ

የኢንተርኔት መፈለጊያው ከተዘጋ ወዲህ የድረ ገጽ አድራሻ በአፍ ካልተነገረ ማንም አያገኘውም። ፀሐይ እስክትጠልቅ አንድም ጎብኚ ያልገባበት ገጽ ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። መክብብ ዘፈኖቹን የጫነበት ገጽ እንዳይጠፋበት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጮኸ፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ለመነ። የሚሰማው አጣ፤ ሰው ሁሉ የራሱን አድራሻ ነው የሚለፈልፈው።

በመጨረሻ ወደ ሟቹ ጎረቤቱ ወደ ጋሽ ዘርጋው ለቅሶ ገባ። ከለቅሶ ድንኳን መቼም ማን ያባርረዋል!

"እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ተቀመጠና አጠገቡ ወዳለው ጎረምሳ ጠጋ አለ። "ወንድሜ፣ አንድ አድራሻ ልንገርህ..."

"መጀመሪያ የኔን ያዝ!" አለው ጎረምሳው።

ቀና ሲል ድንኳኑ ሙሉ አድራሻ ያንሾካሹካል። የሚያለቅስ አንድ ሰው የለም። በሽቆ ሊወጣ ሲነሳ የሟች ሚስት እትዬ አልጋነሽ እጁን ያዙት።

"አንተ ጉድ፣ አንተም ለዚሁ ነው የመጣኸው? የዘርጋውን ስም የሚያነሳልኝ ሰው ይጥፋ?"

"እኔማ... ልጅ ሆኜ ማንጎ ስሰርቅ ጋሽ ዘርጋው ዛፉ ላይ ያዙኝና፣ 'የበሰለው በዚያ በኩል ነው፣ ደንቆሮ!' አሉኝ።"

እትዬ አልጋነሽ ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው መጣ። ድንኳኑ ሁሉ ወደ መክብብ ዞረ። እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል! አድራሻውን ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ደግሞስ?" አሉት እጁን ሳይለቁ።

ውጭ ጀምበሯ እየገባች ነው። መክብብ በሆዱ ተራገመ።

"ደግሞ አንድ ቀን፣ ጋሽ ዘርጋው..." ብሎ ጀመረ። ገጹ መጥፋቱን የሚናገረው ስልክ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ፣ ጥርሱን ነክሶ አጠፋውና ወሬውን ቀጠለ።