ከጉድጓዱ አፋፍ
ከብት ፈጁ በሽታ የቼሻየርን አውራጃ ባራቆተበት ዓመት፣ የታመመ ከብት ሁሉ ተገድሎ ይቀበር ተብሎ ታወጀ። የታቢታ የመጨረሻዋ ላም አፍንጫዋ እየፈሰሰ ከበረት ወጣች። ኖራ የተነሰነሰበት ጉድጓድ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ግን አራት እግሯን ተከለች። የታቢታ ባል ሳይላስ ገመዱን ጎተተ፤ አዋጁን ሊያስፈጽም የመጣው ፖሊስም ከኋላ ገፋ። ንቅንቅ አላለችም።

«አንቺ ጥሪያት» አለ ሳይላስ፣ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ። «የኔን ድምፅ መቼ ትሰማለች።»

«ለዚህ ነው የምጠራት?»

«ተደብድባ ከምትሄድ ይሻላል።»

ታቢታ ላሟን ሊገድል መጥረቢያ ይዞ የሚጠብቀውን ሰው አልፋ አፋፉ ላይ ቆመች። ለማለብ ስትጠራት እንደኖረችው፣ «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ» አለቻት። ላሟ ጆሮዋን አቁማ በገዛ እግሯ መጣች። ታቢታ የላሟን ግንባር እያሻሸች ማባበሏን ቀጠለች። መጥረቢያው ከወረደ በኋላም ዝም ማለት አቃታት፤ ሳይላስ አፏን በመዳፉ እስኪከድነው ድረስ «ነይ፣ ነይ» ትል ነበር።