እርጥብ ሳር ለሚስተር ፍራንክ

ክንፉ እጅጌ ሰፊ ነው። የግራ እጅጌ። የቀኙ አይመለከተውም።

የሚሠራበት ኩባንያ ትልቅ ነው፤ ፀሐይ ከአንዱ ፋብሪካው ጓሮ ወጥታ በሌላው ፋብሪካው ጓሮ ነው የምትጠልቀው። እንዲህ ያለ ቦታ ሙሉ ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዱ ኮሌታ፣ አንዱ ኪስ፣ አንዱ ቁልፍ ይዞ ያረጃል። ክንፉ አርባ ምንጭ ካለው ፋብሪካ ከገባ ጀምሮ የሰፋው የግራ እጅጌ ቢቀጣጠል ከጫሞ ተነሥቶ ኦቾሎ ተራራ ላይ ወጥቶ ይመለሳል። ሚስቱ ልክነሽ «ለእኔም አንድ ስፋልኝ» ብትለው ግን ግማሽ ሰው ነው የሚያለብሳት።

ቁመቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ላንቴ ሄዶ ሙዝ ሲገዛ ያለ መሰላል ከላይ ቆርጦ ይወርዳል፤ መውረድ ከተባለ።

ኩባንያው ምንም ነገር አይጥልም። የተበጠሰ ክር እንኳ ተለቅሞ ይመዘናል። ምንም ነገርም ቀድሞ አይናገርም። የሠራተኛ አስተዳደሯ ፌቨን ምሳ ምን እንደበላች ብትጠየቅ «ዓርብ ከሰዓት ይገለጻል» የምትል ልጅ ናት።

ይህች ፌቨን ሰኞ ዕለት ሜትር ይዛ መጣች። የክንፉን ትከሻ ለካች፤ ክንዱን ለካች፤ ወንበር ላይ ወጥታ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ለካች።

«ምን ሊሆን ነው ፌቨን?»

«ዓርብ ከሰዓት ይገለጻል፣ ጋሽ ክንፉ።»

አሞጽ ከጎኑ ቁልፍ ይተክላል። ቢቆምም ቢቀመጥም ልዩነቱ የማይታወቅ አጭር ሰው ነው። የመስመር ሦስት ኃላፊ ወደ ሀዋሳ ከሄደች ወዲህ ምሳውን የሚበላው የእሷ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የዚያን ዕለትም እዚያው ሆኖ እግሩን እያወዛወዘ፣ «ዩኒፎርምህን ሊቀበሉህ ነው» አለ። «ለማን እንደሚሆን ከአሁኑ መለካታቸው ነው።»

«ሂድ ወዲያ! ምን አጠፋሁ?»

«ትልቅ ኩባንያ ጥፋት አይፈልግም፤ ያባርራል።»

ማክሰኞ ክንፉን ፎቶ አነሡት። «ለዘበኞቹ ነው» አለ አሞጽ። «ይቺን ፊት ካያችሁ በር ዝጉ ሊሏቸው።»

ረቡዕ አንዲት አዲስ ተመራቂ መጥታ ማሽኑ አጠገብ ቆመች። የግራ እጅጌ እንዲያስተምራት ታዘዘ። አስተማራት። ልጅቷ ፈጣን ነበረች፤ ክንፉ ብታጠፋ እየተመኘ ቢያይ ቢያይ አላጠፋችም።

ሐሙስ ፌቨን ተመልሳ መጣች። «ነገ ከሰዓት ሳጥንህን ባዶ አድርገህ ሚስተር ፍራንክ ቢሮ ና።»

አሞጽ መርፌውን አስቀመጠ። «አለቀ። እኔ አንተን ብሆን ዛሬውኑ ሙዝ እተክላለሁ።»

የክንፉ ቤት ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰማይ ነው። የቀረው ጣሪያ ከደመወዙ ነው የሚጠበቀው። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ በቆርቆሮው ወገን ይተኛሉ፤ እናትና አባት ይዋኛሉ። ልክነሽ ወሬውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ኦቾሎ ወጣች፤ ወደ ክንፉ አጎት ወደ አባባ ኃይለመስቀል።

ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጦር የሰበቀም ሰው ጦሩን ይጥላል። ማን አጠፋ፣ ምን አጠፋ አይባልም። ቀድሞ ያሰቡትን መተው ነው፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፍራንክም አገሩን ሲረግጥ ስለ ባህል ሥልጠና ተሰጥቶት ነበር። ግማሹን አንቀላፍቶበታል፤ አንድ ነገር ብቻ ገብቶታል፦ ሳር የያዘ ሽማግሌ እምቢ አይባልም።

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ልክነሽን አስከትለው ፋብሪካው በር ደረሱ። ሳሩ ብዛቱ! ዘበኛው የከብት መኖ መስሎት መጋዘኑን ሊያሳያቸው ነበር። ክንፉም ተጠርቶ ወጣ፤ አሞጽም ተከተለው። ሚስተር ፍራንክ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ሲመጣ ሁሉም ዱብ ዱብ እያሉ ተንበረከኩ።

«ልጄ» አሉ አባባ ኃይለመስቀል፣ «በክንፉ ላይ ያሰብከውን ተውልን።»

ፌቨን ተረጎመች። ሚስተር ፍራንክ ፊቱ ቀላ። «ውሳኔው የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው።»

«የት ነው እሱ?»

«ባሕር ማዶ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሳሩ ሳይደርቅ ይደረሳል?» አሉ አንዱ። «ከተደረሰ እንሄዳለን።»

ፌቨን የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ሰዓቷን አየች። ከሰዓት አልሆነም። አፏን ዘጋች።

«ግን እኮ ምክንያቱን አልጠየቃችሁኝም» አለ ሚስተር ፍራንክ።

«አንጠይቅም! ሳር ተይዞ ምክንያት አይጠየቅም። ክንፉ እዚያው ግራ እጅጌው ላይ ይቆይልን፤ ጥርሱ እስኪረግፍ።»

ሚስተር ፍራንክ ወደ ክንፉ ዞረ። «አንተስ? የምትፈልገው ይህንን ነው?»

«ጌታዬ» አለ ክንፉ እንባው እየወረደ፣ «በዚህ ዓለም ከግራ እጅጌ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም!»

ሚስተር ፍራንክ መነጽሩን አወለቀ፤ ለቅሶ የደረሰ ይመስል ነበር። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሳሩን ተቀበለ። ልክነሽ እልል ስትል የአባያ ጉማሬዎች ሳይቀሩ ብቅ አሉ። አሞጽ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ክንፉ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፤ ቅዳሜ ጫሞ ዳር ዓሣ አበላቸው።

ሰኞ ጠዋት አሞጽ መሬት የሚጠርግ አዲስ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ በመስመር ሦስት መካከል ይንጎራደድ ነበር፤ ደረቱ ላይ በቀይ ክር «ክንፉ፣ ኃላፊ» የሚል ተጠልፎበታል።