በላስቲክ የታሸገ አንገት

አንገቱ ላይ በተበሳ ቀዳዳ የሚተነፍስ ሰው ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው ኦክስጅኑን የት ታደርጉለታላችሁ? ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አንገታችሁን ዳብሱና መልሱ።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሃያ አራት ነርሶች ይህንኑ አምስት ቀን ሲሠለጥኑ ከርመው የመጨረሻው ቀን ነበር። መድረኩ ላይ፣ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ አጠገብ፣ ለመለማመጃ የመጣ የፕላስቲክ ሰው ተጋድሟል። አንገቱ ላይ እንደ አባቴ ቀዳዳ አለው። ግን ከእግር እስከ ራሱ በላስቲክ እንደታሸገ ነው። አሠልጣኙ እንዳይነኩት ከልክሏል፤ "በፊርማ ያወጣሁት ንብረት ነው፣ እንዳለ ካልመለስኩ ዕቃ ግምጃ ቤት አይረከበኝም።" ሃያ አራቱም በላስቲኩ ላይ በጣታቸው እየጠቆሙ ተማሩ። ይህን የነገረችኝ ከሃያ አራቱ አንዷ፣ የአባቴ ክፍል ነርስ ናት፣ እየሳቀች።

አባቴን ከአልጋ አውርደን በተሽከርካሪ ወንበር ያመጣነው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ለፎቶ አንድ ታካሚ ይገኝ ስላሉ ነው። ድምፅ የለውም፤ የሚናገረው በደብተር ነው። የታሸገውን ሰውዬ ትክ ብሎ አየና "ይሄ እንኳን ብርድ አይመታውም" ብሎ ጻፈልኝ። ሳቅኩ። አራት ወር ሙሉ አንገቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚተነፍስበትን ቱቦ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። በውስጡ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ቅያሪ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ ሰርተፊኬቱን አድለው ማይኩን ያዙ። "ከእንግዲህ በቂ የሠለጠነ ባለሙያ አለን። ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ አስታማሚ የሚባል ሰው ክፍል ውስጥ አይገኝም!"

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አባቴ እጄን ጨበጠኝ። ነገሩ አስደንግጦት መሰለኝ። ዞር ስል ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አንገቱ ላይ ያለው ቱቦ ያፏጫል።

ቦርሳዬን ስከፍት ያቺው የክፍሉ ነርስ ከኋላ ደርሳ ገፈተረችኝ። "ዞር በይ፣ እኛ እያለን!" ሲሊንደሩን ጎትታ አመጣች፣ ጭንብሉን ብድግ አደረገች፣ አፉና አፍንጫው ላይ ለጠፈችው።

"አባባ፣ በረጅሙ ይሳቡ! በአፍንጫዎ ይሳቡ!"

"በየትኛው አፍንጫው?" ጮኽኩ። "በአፍንጫው መተንፈስ ካቆመ አራት ወር አልፎታል እኮ!"

"ዶክተር ጥሩ!" አለ አንዱ።

"ዶክተሩማ ማይክ ይዘዋል" አለ ሌላው።

ኦክስጅኑ አባቴ ፊት ላይ በከንቱ ይነፍሳል። ፉጨቱ ቆመ። ዓይኑ ተገለበጠ። በክርኔ ደረቷን መትቼ ገባሁ፤ የውስጡን ቱቦ አዙሬ ሳብኩት። ጫፉን የደረቀ አክታ እንደ ቡሽ ደፍኖታል። አባቴ አንዴ ሳለ፣ አክታው ፊቴ ላይ አረፈ፣ ከዚያ አየር ሲገባ ሰማሁ፤ እንደ መጋዝ ድምፅ። ንጹሑን ቱቦ አስገብቼ ቆለፍኩት። ጭንብሉን ከእጇ ነጥቄ አንገቱ ላይ ያዝኩት።

ነርሷ ሰርተፊኬቷን ብብቷ ውስጥ እንደሸጎጠች ቆማለች። "እንዲህ አላሳዩንም" አለች። አሠልጣኙ ጫማውን ያያል።

"እህቴ፣ ተረጋጊ" አሉ ዳይሬክተሩ። "አባትሽ ደህና ናቸው። ቢሮ እንግባና እንነጋገር።"

"ቢሮ አልገባም።"

ወንበሩን እየገፋሁ መድረኩ ሥር አደረስኩት። የተደፈነውን ቱቦ ከነአክታው ላስቲኩ ላይ፣ ልክ የፕላስቲኩ ሰውዬ አንገት ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ አባቴ እጁን ዘረጋ። ደብተሩን ሰጠሁት። ሦስት ቃል ጻፈና ወደ ሰዉ አዞረው።

ከፊት ያሉት አነበቡ። የኋላዎቹ እንዲሰሙ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ "ነገ ማን አለኝ?"

ዳይሬክተሩ ማይኩን ለማጥፋት በአውራ ጣታቸው ቁልፉን ይፈልጋሉ።

"አያጥፉት ዶክተር" አልኳቸው። "ሰውየው ጠይቆዎታል። እዚሁ፣ በዚሁ ማይክ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱለት።"