የሁለት ጠርሙስ መያዣ

ጋሽ ወርቁን ኬላው ላይ አስቁመዋቸዋል። ከሱቄ እስከ ገመዱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ የሚባባሉት ሁሉ ይሰማኛል። ሁለቱን ጠርሙስ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

ምንድን ነው የያዙት አላቸው ጠባቂው። የከተማችን የመርሳ ሰው አይደለም፣ ከሰሜን ሰርጎ የሚገባ እንዲያጣራ ከመጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው።

«ቢቢታ ነው ልጄ። ለባለቤቴ፣ አሟት ነው።»

እኛ መርሳ ውስጥ ለስላሳ ነው የምንለው። ከገጠር ለገበያ የሚወርዱት ደግሞ ኮካውንም ስፕራይቱንም ሚሪንዳ ይሉታል። ቢቢታ የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ድሮ አስመራ ቦቴ ሲነዱ የለመዱት ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ቢቢታ» እያለ ሲቀልድባቸው ኖሯል። ቅድም እኔም ቀልጄ ነበር፤ ስሙን ተወውና ቀዝቃዛውን ስጠኝ አሉኝ።

ጠባቂው ግን አልሳቀም። እንዲህ የሚሉት የት ያሉ ሰዎች ናቸው፣ መታወቂያ ያምጡ አላቸው።

መታወቂያው እኔ ጋ ነው። ባዶ ጠርሙስ ያላመጣ መታወቂያ ያስይዛል፣ የሱቁ ሕግ ነው። ከተወለድኩ የማውቃቸውን ሰውዬ አስያዝኳቸው።

ዞሩ። «ሚስባህ፣ መታወቂያዬን እስቲ አምጣለት።»

መሳቢያው ውስጥ እጄ ይዞታል። ሀብሩ ወረዳ ይላል፣ መርሳ ይላል። ትናንት ጎረቤቴ አዳነ እዚሁ ኬላ ላይ ለተያዘ ሰው «አውቀዋለሁ» ብሎ ቢመሰክር እሱንም አብረው መኪና ላይ ጫኑት፤ እስካሁን የለም።

«ታውቃቸዋለህ?» አለኝ ጠባቂው ከዚያው ሆኖ።

«ደንበኛ ናቸው» አልኩ። በቃ፣ ይቺን ብቻ።

ጋሽ ወርቁን ኬላው አጠገብ ወደቆመው መኪና ወሰዷቸው። መኪናው ላይ ሲያወጧቸው ጠርሙሶቹን ለጠባቂው ሰጡና በአገጫቸው ወደ ሱቄ አመለከቱት።

አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጣቸው። «ያንተ ናቸው አሉ ሽማግሌው።» ክዳናቸው እንኳን አልተነካም። መኪናው በውርጌሳ መንገድ ሄደ።

ጠርሙስ ከተመለሰ መታወቂያ ይመለሳል። አሁንም እጄ ላይ ነው፣ በላብ ርሷል።

ቀና ስል እትዬ ደብሪቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ እያረፉ ይመጣሉ። ባላቸው ሲዘገዩባቸው ነው ከአልጋ የተነሱት። በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ጠርሙሶቹን አዩ፣ ከዛ እኔን።

«ወርቁ አልመጣም እንዴ ሚስባህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?